አያ ፈንታ የፈረመው ወረቀት

አያ ፈንታ መሞቱን የነገረኝ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ማራኪ ሰፈር መታጠፊያው ላይ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ያ ልብስ ሰፊ ጎረቤትሽ አርፏል አሉ፤ ቅዳሜ አምባ ጊዮርጊስ ተቀበረ» አለኝና ተሳፋሪ ለመጥራት ፊቱን አዞረ። እኔም «ነፍስ ይማር» ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። ሽንኩርት ገዝቼ ነበር። ቤት ገብቼ መላጥ ስጀምር ነው እንባዬ የመጣው፤ እሱንም በሽንኩርቱ አሳበብኩ። እህቴ አጠገቤ ነበረች። ለአያ ፈንታ የማልቀስ መብት እንደሌለኝ ከሚያውቁት ሰዎች አንዷ እሷ ናት።

ስለሞተ ሰው ሲጻፍ ደግ ነበር ይባላል። አያ ፈንታ ደግ ነበር ብዬ ብጽፍ እሱ ራሱ ያርመኝ ነበር። ደግ ሰው ደስ የሚያሰኘንን መርጦ ይነግረናል። እሱ ይህን አያውቅበትም። «ልኩን ልንገርሽ» ብሎ ከጀመረ ልብን አጠንክሮ መስማት ነው። ንግግሩን የሚጀምረውም ወዲያው አልነበረም። ሲሰፋ ስፒሎቹን በከንፈሩ ይይዛልና፣ ከባድ ነገር ከጠየቁት አንድ በአንድ ከአፉ እያወጣ ኮቱ ደረት ላይ ይሰካቸዋል። ስፒሎቹ ተሰክተው እስኪያልቁ ጠያቂው ቆሞ ይጠብቃል። ስፒሎቹን ሳያወጣ ከመለሰ ነገሩ ቀላል ነው ማለት ነው፤ ሁላችንም ይህን ተምረን ነበር።

የተዋወቅነው እኔና እህቴ የጋሽ ይርጋ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ስንከራይ ነው። ግቢው ማራኪ፣ ከዩኒቨርሲቲው ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ውስጥ እሠራለሁ። ባለቤቱ ጋሽ ይርጋ ከጓሮ በኩል ባለው ትልቁ ቤት ይኖራል፤ እኛ መሀሉን ይዘናል፤ በአጥሩ ጥግ ደግሞ ነርሶች የሆኑ ባልና ሚስት ነበሩ። አያ ፈንታና ባለቤቱ እትዬ ደብሬ የመንገድ ዳሩን ቤት ይዘው፣ በር ወደ አስፋልቱ ከፍተው፣ ፊት ለፊቱን መስፊያ፣ ጀርባውን መኖሪያ አድርገውት ነበር። እዚያ ቤት አስራ ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል። የመጀመሪያ ቀን «አንቱ» ብዬ ሳናግረው ሳቀብኝ። «አያ ካልሽኝ በኋላ አንቱ ምን ይሠራልሻል? አንዱን ምረጭ» አለኝ። አያን መረጥኩ።

ልብስ ሰፊ ማለት ነገ ና ማለት ነው። ጎንደርም ሆነ ሌላ ቦታ፣ በነገ ና ያልተጉላላ ሰው ያለ አይመስለኝም። አያ ፈንታ ግን የሚደርስበትን ቀን ይናገራል፤ የሚናገረውም ቀን ሁልጊዜ ሰው ከሚፈልገው ቀን ያለፈ ነው። የምረቃ ሰሞን አንድ ተማሪ ጨርቁን ታቅፎ መጣና ኮትና ሱሪ ለቅዳሜ እንዲደርስለት ለመነው።

«ለቅዳሜ አይደርስም። ማክሰኞ ነው።»

«አያ፣ ማክሰኞማ ተመርቄ ሀገሬ ገባሁ።»

«እንግዲያው ወዲያ ማዶ ካሉት ዘንድ ሂድ። እዚያም ለቅዳሜ አይደርስም፤ ግን ይደርሳል ይሉሃል። እስከ ዓርብ ደስ ብሎህ ትሰነብታለህ።»

ልጁ ተናዶ ሄደ። ቅዳሜ ለት በተዋሰው ኮት ተመርቆ፣ ማዶ የሰጠውን ጨርቅ ሳይሰፋ ተቀብሎ፣ ሰኞ ጠዋት አያ ፈንታ በር ላይ ቆሞ አየሁት። እንዲህ ዓይነቱ ደንበኛ ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው ውሸቱን ይመርጣል፤ ውሸቱን ሰምቶ፣ ተጉላልቶ፣ ተሳድቦ፣ መልሶ እዚያው ይሄዳል። ስለዚህ አያ ፈንታ ሥራ የሚያንሰው እንጂ የሚበዛበት ሰው አልነበረም። እኔንም ለእህቴ ሰርግ ብዬ የገዛሁትን ቢጫ ጨርቅ ዘርግቶ አይቶ፣ «ይሄ አንችን አይወድሽም፤ ሕመምተኛ ያስመስልሻል» ብሎ አጥፎ መለሰልኝ። ሌላ ቦታ አሰፋሁት። የእህቴም ሰርግ ፈረሰ፤ በዚያ በኩል እንኳ ቀሚሱ ጥፋት የለበትም።

እትዬ ደብሬ ግራ ጎኗ ከደነዘዘ ቆይቷል። ጠዋት ጠዋት ተሸክሞ ያወጣና በሩ ላይ፣ ፀሐይ የምታገኝበት ቦታ ያስቀምጣታል። በደህናው እጇ ቁልፍ ትተክላለች። ጨርቁን በጉልበቷ ቆንጥጣ ይዛ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ ሁለት እጅ ካላት ሰው የማያንስ ትሠራ ነበር። ያላመረውን ግን አያ ፈንታ ፊቷ ላይ ይፈታዋል። «ጠሟል ደብሬ» ይላታል። «አሁንስ?» ትለዋለች ደግማ ሠርታ። «አሁን ሸጋ ነው።» ሌላ ሰው ቢሆን ለታመመች ሚስቱ አዝኖ የጠመመውን ያሳልፈው ነበር ብዬ አንድ ቀን ወቀስኩት። «እንዲያ ካደረግሁማ ሸጋ ነው ስላት በምን ታምነኛለች?» አለኝ። በየሁለት ሳምንቱ በባጃጅ ለክትትል ሆስፒታል ይወስዳታል። ሐኪሙ ክትትሉን አታቋርጡ ብሎ አስጠንቅቋቸው ነበር።

ጋሽ ይርጋ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን የምለው ለሱ አዝኜ አይደለም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እንጠነቀቀው ነበር። በዓል ሲሆን ይጠራናል፤ ስንታመም ይጠይቃል፤ ውኃ ሲጠፋ ከራሱ በርሜል ያስቀዳናል። ውል የሚባል ነገር በመካከላችን አልነበረም። ኪራይ በእጅ ይሰጣል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ይባላል፣ አለቀ። ወረቀት እንጻጻፍ ማለት ጠረጠርኩህ ማለት ነው፤ በበዓል ቀን ከሰውየው ማዕድ ተቀምጦ እየበሉ እንዴት ውል ፈርምልኝ ይባላል?

ታዲያ አንድ ሰሞን የቤት ኪራይ ሕግ ወጣ ተብሎ የከተማው ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ተከራይ መመዝገብ ጀመሩ። ሕጉን ቢሮ ውስጥ ታትሞ አግኝቼ አንብቤዋለሁ። ልድገመው፤ አንብቤዋለሁ። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ ይላል። ቤቱ ቢሸጥ እንኳ የተመዘገበ ተከራይ በድንገት ተነስ አይባልም፤ ገዥው በጽሑፍ ማስታወቅና ወራት መስጠት አለበት። ይህን ሳነብ «ጥሩ ሕግ ነው» ብዬ ለባልደረቦቼ ተናግሬያለሁ።

መዝጋቢዎቹ ሰፈራችን ሊደርሱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ጋሽ ይርጋ ግቢ ውስጥ ሰበሰበን። «ልጆቼ» አለ፣ «ግብር ሊቆልሉብኝ ነው። ዘመዶቼ ናቸው፣ በነጻ ነው የሚኖሩት እላለሁ። እናንተም እንደዚያው በሉልኝ። ካልሆነ ኪራዩን መጨመሬ ነው፤ አልሆንልህ ካለኝም አስለቅቄ እዘጋዋለሁ።» ይህን ያሰበው እሱ ብቻ አልነበረም። በዚያ ሰሞን ማራኪ ውስጥ ተከራይ የሚባል ፍጥረት ጠፋ። ሁሉም የአክስት ልጅ ሆነ። ሰፈሩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተዛምዶ አለቀ፤ ትናንት ከባሕር ዳር መጥቶ የተከራየ መምህር ሳይቀር የባለቤቱ የወንድም ልጅ ተብሎ ተመዘገበ። ሰዉ ይስቅ ነበር። እኔም ስቄያለሁ።

ለኛም ዝምድናው ተከፋፈለ። እኔ የጋሽ ይርጋ የአጎት ልጅ ሆንኩ። ነርሶቹ ከሟች ሚስቱ ወገን ሆኑ። እትዬ ደብሬ እህቱ፣ አያ ፈንታ ደግሞ የእህቱ ባል። አያ ፈንታ ይህን ሲሰማ ትቶን መስፊያ ቤቱ ገባ። ጋሽ ይርጋ እኔን ቀስ ብሎ በክርኑ ነካ አድርጎ፣ «አንቺን ይሰማሻል፤ አናግሪው» አለኝ።

ሄድኩ። የስፌት ማኪናውን እየረገጠ ነው፤ ስፒሎቹ በከንፈሩ ናቸው።

«አያ፣ ምነው ጥለኸን ገባህ?»

«ደብሬ አንድ ወንድም ነበራት፤ ሞተ። ሌላ ወንድም ላስመዘግብላት?»

«ወረቀት እኮ ነው።»

«ወረቀት ከሆነ ልኩን ጻፉበታ።»

ያን ጊዜ መመለስ እችል ነበር። አያ ፈንታ ልክ ነው፣ ሁላችንም ተከራይ ነን እንበል ብዬ ሌሎቹን መሰብሰብ እችል ነበር። የተማርኩት እኔ ነኝ፤ ሕጉን ያነበብኩትም እኔ ነኝ። ግን ያሰብኩት የራሴን ሁለት ክፍል ነው። ኪራይ ቢጨመርብኝ፣ ከቢሮዬ አምስት ደቂቃ የሚያስኬደውን ቤት ባጣ ብዬ ነው ያሰብኩት። እና እንዲህ አልኩት፤ «አንተ ብቻህን ተከራይ ነኝ ካልክ እኛ ሁላችን ውሸታም ሆነን እንቀራለን። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ አያ። ታስበላኛለህ።»

ማኪናውን አቆመ። ስፒሎቹን አንድ በአንድ አወጣና ኮቱ ላይ ሰካቸው። ብዙ ነበሩ።

«ሰናይት፣ አንች ፊደል የቆጠርሽ ልጅ ነሽ» አለኝ። «ይሄ ነገር ሰው አይጎዳም ትያለሽ?»

«አይጎዳም» አልኩት።

«ሰው ካልጎዳ፣ አንችንም ካዳነሽ፣ እሺ።»

መዝጋቢዎቹ ሲመጡ ጽሕፈቴ ያምራል ተብሎ ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። ወጣቶቹ መዝጋቢዎች ደክሟቸው ነበር፤ ደስ አላቸው። አያ ፈንታ ስሙን ከነአባቱ፣ ፊደሉን ለይቶ ለይቶ ጽፎ ፈረመ። ሌሎቻችን ጫር አድርገን ነው የፈረምነው። ከሰዓት በኋላ የአንዲት መምህርት ጉርድ ቆርጦ አበላሸ። ለሴትዮዋ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ ጨርቁን እተካለሁ» ሲላት በመስኮት ሰምቻለሁ። ለምን እንደተበላሸ እኔ ገብቶኝ ነበር፤ ግን በበሩ እያለፍኩ ሳላናግረው ሁለት ቀን ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሰላምታ ሰጠኝና ነገሩ ተረሳ፤ ለኔ ማለቴ ነው።

ዓመት ሳይሞላ፣ ግንቦት ላይ ወደ ጋሽ ይርጋ እንግዳ ይመላለስ ጀመር። ሕመምተኛ ልንጠይቅ ነው ይላሉ፤ ጋሽ ይርጋ ደግሞ እንደ በሬ ደህና ነው። አንዱ እንግዳ ከበሩ እስከ ጓሮ፣ ከጓሮ እስከ አጥሩ እየተንሸራሸረ ይመስል ይራመዳል። አያ ፈንታ በበሩ ቀና ብሎ አየውና «ሰውየው በእርምጃ እየለካ ነው» አለኝ። «ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የሚለካን አውቃለሁ።» በማግስቱ በቀጥታ ጋሽ ይርጋ ዘንድ ሄዶ ቤቱን ሊሸጥ እንደሆነ ጠየቀው። ጋሽ ይርጋ በልጆቹ ስም ምሎ አልሸጥም አለ። አያ ፈንታ ተመልሶ መጥቶ፣ «ምሏል፤ ሸጦታል» አለን።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ጋሽ ይርጋ ልጁ ዘንድ አዲስ አበባ ሄደ። እቃውን ሲጭን ቆመን ረዳነው፤ አቅፎ ሳመን። ከሄደ በአራተኛው ቀን የገዥው ወኪል ነኝ የሚል ሰው መጥቶ ግቢው እንደሚፈርስ፣ ፎቅ እንደሚሠራበት፣ በአስራ አምስት ቀን ውስጥ እንድንወጣ ነገረን። ነርሶቹ በሳምንቱ ወጡ። እኔም በባልደረባዬ በኩል አዘዞ መንገድ ላይ ቤት አገኘሁ። ለአያ ፈንታ ግን ቤት ማለት በር ወደ መንገድ ያለው፣ ማኪናውን የሚያስገባበት፣ ሚስቱን ተሸክሞ ደረጃ የማይወጣበት፣ ደንበኛ የሚያውቀው ቦታ ነው። እሱን በአስራ አምስት ቀን የት ያገኘዋል? ያገኛቸው ቤቶች ወይ ከመንገድ የራቁ ናቸው፣ ወይ ኪራያቸው የማይቀመስ ነው፣ ወይ አከራዮቹ እትዬ ደብሬን ያዩና «ተይዟል» ይላሉ። የቀረው አማራጭ አምባ ጊዮርጊስ ያለችው የወንድሙ ጎጆ ናት። እዚያ ደግሞ ብርዱ አለ፤ ከሆስፒታሉም ርቀቱ አለ።

የለመነው ብዙ አልነበረም። «ክረምቱ ይውጣልኝ፤ ከመስቀል በኋላ እወጣለሁ። በሐምሌ ዝናብ ይህችን ሴት የት አደርጋታለሁ?» አለው ወኪሉን። ወኪሉ ጨዋ ሰው ነው፤ አልጮኸም። «ቤቱን የሸጡት የባለቤትዎ ወንድም ናቸው አይደል?» አለ። «ከዘመድዎ ጋር ይነጋገሩ እንጂ፣ እኛ በቤተሰብ መሀል ምን እንገባለን?»

አያ ፈንታ ዞር ብሎ አላየኝም። እኔ ግን አየሁት፤ አንገቱ ቀልቶ ነበር።

ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩለት። ሕጉን ጠቅሼ፣ ወራት ይገባዋል ብዬ ጻፍኩ። ተከራይ እንደነበርን እኔ ራሴ ቀርቤ እመሰክራለሁ አልኩት፤ ይህንንም ያልኩት እትዬ ደብሬ ባለችበት ነው። እሷ በደህናው እጇ እጄን ይዛ ሳመችው። «አንች ካለሽማ» አለች። ያ ምስክርነት ካለ ለነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ሦስት ወር፣ ከዚያም በላይ ሊሰጣቸው ይችል ነበር። ከሌለ በሳምንቱ ዝናብ ላይ ናቸው። ይህን ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

ጉዳዩን የሚያየው ጽሕፈት ቤት ጠባብ ክፍል ነው። እኔና አያ ፈንታ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ወኪሉ ማዶ ተቀመጠ። ኃላፊው ወጣት ነው፤ መነጽሩን ወልውሎ የኛን ግቢ ቅጽ ከመዝገብ አወጣ። ገና ሳይጀምር፣ እንደ ደንቡ ይመስለኛል፣ በምዝገባው ጊዜ ሐሰተኛ ቃል የሰጠ ሰው እንደሚጠየቅ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነም ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ እንደሚጻፍ ተናገረ። በዚያ ሰሞን የደረጃ እድገት ተወዳድሬ ውጤት እየጠበቅሁ ነበር። ይህ ዛሬ ሲነገር ምንም አይመስልም። ያን ቀን ግን ጆሮዬ ደነቆረ።

«ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?» አለው አያ ፈንታን።

«የኔ ነው።»

«የባለቤቱ የእህት ባል፣ ያለ ኪራይ የሚኖር ይላል። እውነት ነው?»

«አይደለም። ተከራይ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ብለው ፈረሙ?»

«ዋሽቼ ነው።»

ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እንዲህ የሚመልስለት ሰው ገጥሞት አያውቅም መሰለኝ፤ ሰው ተሳስቼ ነው፣ ሳላነበው ነው፣ አስገድደውኝ ነው ይላል። አያ ፈንታ ከነዚህ አንዱን እንኳ አላለም። «ሰናይት አይጎዳም ብላኝ ነው» ማለትም ይችል ነበር።

«አባቴ» አለው ኃላፊው፤ ድምፁ ውስጥ ማዘን ነበረ። «ያን ጊዜ ከዋሹ፣ ዛሬ እውነቱን እየተናገሩ መሆኑን በምን ልወቀው? ውል አለ?»

«የለም።»

«ደረሰኝ?»

«የለም። በእጅ ነው የምንሰጠው።»

«ምስክርስ አለዎት?»

ትከሻችን ይነካካ ነበር። የሱ ኮት ከዝናቡ ርሶ የኔን ሹራብ ያቀዘቅዘዋል። አለ፣ እኔ ነኝ ማለት ነው የነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው። አፌን ልከፍት ብዬ እግሮቼን ወደ ወንበሩ ስር ሰበሰብኩ። ለምን እንደሰበሰብኳቸው አላውቅም፤ ሰው ሊነሳ ሲል የሚያደርገው አይደለም፤ ሰው ሲሸሸግ የሚያደርገው ነው። አያ ፈንታ መሬት መሬት ያይ ነበርና እግሮቼን አየ።

«የለኝም» አለ።

ኃላፊው ወደኔ ዞረ። «እርስዎስ ማን ነዎት?»

እኔ ሳልመልስ አያ ፈንታ ቀደመኝ። «እሷ የጋሽ ይርጋ የአጎት ልጅ ናት» አለ። «እኔን ደግፋ ነው የመጣች።»

ኃላፊው ቅጹ ላይ ጣቱን አውርዶ ስሜን አገኘው። «አዎ፤ እዚህም እንደዚያ ነው የሚለው» አለ። ጽሕፈቱ የኔ ነው። እውነትም ያምር ነበር።

ስንወጣ ዝናቡ አላባራም። የሱቅ ቆርቆሮ ስር ተጠለልን። ምን እንዳልኩት አላስታውስም፤ «አያ» ብዬ ጀምሬ ሳልጨርሰው የቀረ ይመስለኛል። እሱ ግን ያለኝን አስታውሳለሁ። «እኔ ቤቴን አጣሁ። አንች ደግሞ ሥራሽን ብታጭ ለኔ ምን ይጨምርልኛል?» አለ። ቀጥሎም፣ «ብቻ ከእንግዲህ ወረቀት አታስፈርሚኝ» ብሎ ፈገግ አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በጥፊ ቢመታኝ ለዘላለም አመሰግነው ነበር።

እሱና እትዬ ደብሬ የወጡት ከዚያ በስምንተኛው ቀን ነው። የጭነት መኪና ላይ መጀመሪያ ማኪናው ወጣ፤ ከዚያ አልጋው፤ ከዚያ ፍራሹ ላይ እትዬ ደብሬ በላስቲክ ተሸፍና። አስራ ዘጠኝ ዓመት የኖሩበት ቤት እቃ የመኪናውን ግማሽ አልሞላም። እኔ እሷን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም፤ አልመሰከርሽም ትለኛለች ብዬ ነው። ግን በደህናው እጇ ላስቲኩን ገልጣ ስትሰናበተኝ መረቀችኝ። ምርቃቱ ያኔ ግራ አጋብቶኝ ነበር። ደግ ስለሆነች ነው ብዬ አለፍኩት። እድገቱን አገኘሁ። ግቢው ፈረሰ፤ ፎቁ ግን እስካሁን ከመሠረት አልወጣም፤ ክረምቱን ሙሉ ውኃ አቁሮ የእንቁራሪት ማደሪያ ሆኖ ከረመ። ሦስቱ ወር ማንንም የሚጎዳ አልነበረም ማለት ነው።

አምባ ጊዮርጊስ ሥራ አልሆነለትም። የገበያው ሰው የተሰፋ ልብስ መግዛት ለምዷል፤ የመጣለትም ጥቂት ሰው ነገ ይደርሳል የሚል ሰፊ ይፈልጋል። ለበዓል ለበዓል እደውልለታለሁ። «እንዴት ነህ አያ?» ስለው «ብርዱ በርትቷል፤ ደብሬ ክትትሏን ካቋረጠች ሦስት ወሯ ነው» ይለኛል። ደህና ነን ብሎ አያውቅም። ደህና ነን ቢለኝ ስልኩን ቀልሎኝ እዘጋው ነበር። ልጠይቃቸው ግን አንድም ቀን አልሄድኩም። አምባ ጊዮርጊስ ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት በኋላ የሚመለሱበት መንገድ ነው። ብርዱ ሳንባው ውስጥ ገባ አሉ፤ እሷ ሳትሞት እሱ ቀደመ።

ሾፌሩ በነገረኝ በሁለተኛው ቀን ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ተነስቷል። ቤቱ ጠባብ ነው፤ አራት አምስት የጎረቤት ሴቶች ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። እትዬ ደብሬ መደብ ላይ ተደግፋለች፤ ከስታ ትራስ አክላለች። ስታየኝ አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እዚያ የማሳብብበት ሽንኩርት አልነበረም። ለቅሶው በረድ ሲል ደህናውን እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገችና ወደ ሴቶቹ ዞረች።

«ይች ሰናይት ናት» አለቻቸው። «የነገርኳችሁ ልጅ ናት። የዚያን ጊዜ ቢሮ ድረስ ሄዳ የመሰከረችልን። እሱም ተከራይ ነው፣ እኔም ተከራይ ነኝ ብላ፣ ሥራዬን ሳትል ተናገረችልን። አልሰሟትም እንጂ።»

ሴቶቹ «ተባረኪ» አሉኝ። አንዷ ተነስታ ጉንጬን ሳመችኝ።

«ማን ነገረሽ እትዬ?» አልኳት።

«እሱ ነዋ። የዚያኑ ቀን እንደገባ ነገረኝ። እኔማ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ፈርታ ዝም ያለች እንደሁስ ብዬ ጠርጥሬሽ ነበር። ደጋግሜ ጠየቅሁት። መስክራለች አለኝ።» እጇን ከጉልበቴ ላይ ሳታነሳ አየችኝ። «ፈንታን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ሲዋሽ ሰምተሽው ታውቂያለሽን?»

ሴቶቹ ሁሉ ወደኔ ዞረው መልሴን ጠበቁ።

«አላውቅም» አልኳት።